ከገጠር ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመጡ ተማሪዎች የሚከራይ ክፍል ጉዳይ

ጥያቄ (የተማሪ ወንድም)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የባሶና ወራና ገበሬ ልጅ ነኝ። ታናሽ እህቴ በመጪው መስከረም 11ኛ ክፍል ለመማር ደብረ ብርሃን ትገባለች። ሦስት ቀን ቤት ስፈልግ ያየሁት ሁሉ ከግቢ ጀርባ የተቀጠለ የጭቃ ክፍል ሲሆን፣ አከራዮቹ ከዋጋው አስቀድመው የሚነግሩኝ «ስቶቭ አይሰካም፤ ከሁለት ሰው በላይ አያድርም፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል» የሚል ደንብ ነው። ኪራዩም የተተመነው በፋብሪካ ደመወዝተኛ አቅም ነው፤ የእኛ ገብስ ግን በየወሩ አይሸጥም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ በወጪ መጋራት ማደሪያም ምግብም ያገኛል፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ፍራሹን ተሸክሞ በየበሩ ይጠይቃል። በወላጅም ሆነ በትምህርት ቤት በኩል ምን ቢደረግ ክፍሉ ይበረክታል፣ ኪራዩስ ይቀልላል?

መልስ (አከራይ እናት)፦
ልጄ፣ አራት ክፍል አከራያለሁ፤ ደንቡን ስለምታማርር የእኛንም ወገን ስማ። የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ታሪፉ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ፣ አንዱ ክፍል የሰካው ስቶቭ የሁሉንም ሒሳብ ያንረዋል። እኔም ለዚህ ስል ስቶቭ ከልክዬ ነበር። አንድ የኅዳር ሌሊት ውርጩ ሲበረታባቸው ሁለት ልጆች የከሰል ምድጃ አስገብተው፣ የበሩን ስንጥቅ በነጠላ ወትፈው ተኙ። ሌሊት ሲያቃስቱ ሰምቼ በሩን ባላስከፍት ኖሮ ለወላጆቻቸው ምን እላቸው ነበር? ከዚያ በኋላ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገጠምኩ፤ ከጓሮ ደግሞ ሁሉም የሚያበስሉበት አንድ ማድ ቤት ሠራሁ። ወጪው ከፈራሁት በታች ሆነ።

ኪራዩ የሚወደደው ግን በሌላ ምክንያትም ነው። ተማሪ ሰኔ ላይ ለቆ መስከረም ይመለሳል፤ ክረምቱን ባዶ የከረመው ክፍል ኪሳራ በአሥሩ ወር ላይ ይጫናል። ወላጆች ተሰብስበው ከጥር ውቂያ በኋላ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ቢከፍሉኝ ቅናሽ ለማድረግ ፈቃደኛ ነኝ።

መልስ (የሁለተኛ ደረጃ መምህር)፦
እማማ ስለ ቆጣሪው ያሉት ትክክል ነው፤ የዓመቱን በአንድ ጊዜ መቀበል ግን ሕግ ሊከለክለው ይችላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ክልሉ ተፈጻሚ እንዲሆን በወሰነባቸው ከተሞች፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ሁለት ዓመት ማለት ለእህትዎ 11ኛና 12ኛ ክፍል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከአሁኑ ለሁለቱም ዓመት ቢዋዋሉ መስከረም በመጣ ቁጥር አዲስ ዋጋ ከመስማት ይድናሉ። ወላጆች የእህሉን ገንዘብ በጋራ የባንክ ሒሳብ አስቀምጠው፣ ክረምቱን ጨምሮ በየወሩ እኩል ቢከፍሉ፣ አከራይዋም የፈለጉት ዋስትና ይገኛል።

በእኔ እምነት ግን ትልቁ መፍትሔ ከኪራዩ ውጭ ነው። 9ኛና 10ኛ ክፍል በየገጠር ቀበሌው አቅራቢያ ቢከፈት፣ ገና በ15 ዓመታቸው ከቤት የሚወጡት ልጆች እዚያው ይማሩ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ያለው ክፍልም ለ11ኛና 12ኛ ብቻ ይሆን ነበር። ዓርብ ማታ ለበሶና ለሽሮ ወደ አገራቸው የሚሄዱት ልጆች ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለማይደርሱ፣ ያንን ትምህርት ሁለት ጊዜ አስተምራለሁ።

ምላሽ (የተማሪ ወንድም)፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሰፈራችን ልጆቻቸውን የሚልኩ አራት ወላጆች አሉ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስለ ጋራ ሒሳቡ እንነጋገራለን። እማማ፣ ክፍሎቹ ለመስከረም ተይዘዋል?

መልስ (አከራይ እናት)፦
ሁለቱ ተይዘዋል፤ ሁለቱን እስከ ነሐሴ አጋማሽ አቆይላችኋለሁ። ልጂቱን ራሷን ይዘሃት ና፤ ማድ ቤቱን ትየው።