«ኮዱን ስጥ፣ ታሪኩን ሽጥ» ምክር ነው?

ተርሚናል፦ ሰሞኑን ለስታርትአፕ መሥራቾች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንድ አማካሪ «ኮዱን ስጥ፣ ታሪኩን ሽጥ፣ ገንዘቡ ይከተላል» ብሎ ልጆቹ አጨበጨቡለት አሉ፤ የሶፍትዌርህን ኮድ ማንም እንዲጠቀምበት ክፈተው ማለቱ ነው። በጣም ነው የተናደድኩት። የሶፍትዌር ኩባንያው ሀሺኮርፕም እኮ ታሪክ ነበር የሸጠው። ሰርቨርና ኔትወርክ በኮድ የሚዘረጋበት ሶፍትዌሩ ቴራፎርም ክፍት ነው ብሎ ዓለምን ካስለመደ በኋላ በኦገስት 2023 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ከክፍቱ ኤምፒኤል ገደብ ወዳለበት ቢኤስኤል ቀየረው፤ ተፎካካሪ እንዳይነግድበት። ወር ሳይሞላ ፎርኩ (ከቀድሞው ክፍት ኮድ ተገንጥሎ የወጣው ቅጂ) ታወጀ፣ በሴፕቴምበር ኦፕንቶፉ ተብሎ የክፍት ሶፍትዌር ማኅበሩ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ውስጥ ገባ። የተሸጠ ታሪክ ባለዕዳ ያደርጋል። ይህን ለልጆቹ ማን ነገራቸው?

ሰሚት፦ ውሸት ተርቱ አልተባሉም። ታሪክ ማለት የማንን ችግር እንደምትፈታ ማስረዳት ነው። ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር አሽጎ ለብቻው ማስኬጃ ዘዴ) ክፍቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ውስጥ ድሮም ነበር፤ የቀድሞውን መሣሪያ ኤልኤክስሲን ግን ስንት ሰው ነክቶት ያውቃል? በ2013 ሰሎሞን ሃይክስ ፓይኮን የሚባል የፕሮግራመሮች ጉባኤ ላይ ወጥቶ የኮንቴይነር መሣሪያውን ዶከርን በ5 ደቂቃ አሳየ፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰው ኮንቴይነር ኮንቴይነር ማለት ጀመረ።

ተርሚናል፦ በዶከር ልትረታኝ? የተባለው እኮ «ገንዘቡ ይከተላል» ነው። የዶከር ታሪክ ዓለምን አዳረሰ፣ ገንዘቡ ግን ኮምፒውተር በኢንተርኔት ወደሚያከራዩት ክላውድ ኩባንያዎች ሄደ። በኖቬምበር 2019 ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሸጠውን የኢንተርፕራይዝ ክፍሉን ሚራንቲስ ለሚባል ኩባንያ ሸጦ ነው የተረፈው።

ሰሚት፦ ግማሹን ነው የነገርከን። በ2021 በግል ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ዶከር ዴስክቶፕን ለትልልቅ ኩባንያዎች በክፍያ አደረገው፤ ከ250 በላይ ሠራተኛ ወይም በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ያለው ይክፈል አለ። ኮንቴይነሩን የሚያስኬደው ሞተሩ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ይኸው ቆሟል።

የአራዳዋ፦ እንግዲያው ያዳነው ታሪኩ ሳይሆን የሚሸጥ ዕቃ ማግኘቱ ነው። እሱንም ለማግኘት 8 ዓመት ፈጀበት። የሊኑክስ ኩባንያው ሬድ ሃት ኮዱን ሰጥቶ የሸጠው ድጋፍ፣ የ10 ዓመት ጥገና እና «እዚህ ማሽን ላይ ይሠራል» የሚል ማረጋገጫ ነው። አይቢኤም በ2019 34 ቢሊዮን ዶላር የከፈለው ለዚያ ነው።

ሜሪላንድ፦ አይቢኤም ካልሽ ሀሺኮርፕንም በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ፈቃዱ ከተቀየረ በኋላ! ሁላችሁም መሥራቹ ላይ ትዘምታላችሁ። ሌላው የለፋበትን ወስዶ አገልግሎት አድርጎ የሚቸበችበውን ክላውድ ግን ማንም አይናገረውም።

ተርሚናል፦ በነጻ ኮድ የላከውስ? መጀመሪያ ሲኤልኤ የሚባል የኮድ መብት መስጫ ስምምነት ያስፈርሙታል፣ ኋላ ፈቃዱን የሚቀይሩት በዚያው ፊርማ ነው። ደግሞስ ትክክል ከነበሩ እንደ ሀሺኮርፕ ፈቃድ ቀይረው የነበሩት የፍለጋ ሶፍትዌሩ ኢላስቲክ በ2024፣ የዳታ ማከማቻው ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤል የሚባል ክፍት ፈቃድ ይዘው ለምን ተመለሱ?

ሜሪላንድ፦ ኢላስቲክ ሲመለስ ተሳስቻለሁ አላለም። አማዞን ኦፕንሰርች የሚባል የራሱን ፎርክ ይዞ ሄዷል፣ ያሰብነው ሆኗል ነው ያለው።

የአራዳዋ፦ ለሬዲስ ግን አልሠራለትም። በማርች 2024 ፈቃዱን በቀየረ በሳምንቱ ቫልኪ የሚባል ፎርክ ተወለደ፣ አማዞንና ጉግል አንድ ላይ ደገፉት። ሬዲስ ቢመለስም ቫልኪ የትም አልሄደም።

ጤና ዳታ፦ ሁላችሁም ሳን ፍራንሲስኮ ናችሁ። እዚህ አገር ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ የሚባል የመታወቂያ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ጤና ሚኒስቴርም ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል የጤና መረጃ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱም ክፍት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ደንበኛ ታሪክህን አይጠይቅህም፤ «ሌሊት ሲበላሽ ማን ይመጣል?» ነው የሚልህ። መልሱን ውል ላይ ካሰፈርክለት ይከፍልሃል።

ሰሚት፦ እሱም ታሪክ ነው እኮ።

ጤና ዳታ፦ አይደለም፣ ውል ነው። ታሪክ ብታፈርስ ማንም ፍርድ ቤት አይገትርህም።

የአራዳዋ፦ እነሱን ከስታርትአፕ ጋር አትደባልቅ። ሞሲፕ ከቤንጋሉሩ የትምህርት ተቋም የወጣ ነው፣ ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለጋሽ ይደግፋቸዋል፣ ትርፉ የታል የሚል ባለሀብት የለባቸውም።

ጤና ዳታ፦ ሶፍትዌሩን ተክሎ ሠራተኛ የሚያሠለጥነው ግን ኩባንያ ነው። ልጆቹ ነገ ሊከፍቱት የሚችሉት እሱን ነው።

ሜሪላንድ፦ ሰው በጨመርክ ቁጥር ብቻ የሚያድግ ሥራ ነው፤ ኢንቨስተር አይነካውም።

ጤና ዳታ፦ አይንካው! ደመወዝ ይከፍላል። የናንተ ምክር ኢንቨስተር ላገኘ ነው፤ እዚህ ስንቱ ነው የሚያገኘው?

ተርሚናል፦ ወደ ነገሬ ልመለስ። ሥልጠናው ላይ የነበረ ካለ ይመስክር፦ ስለ ፈቃድ ምርጫ ተነስቷል?

ሰሚት፦ እኔ ነበርኩ። አልተነሳም። የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው፣ ሁሉን ሊያነሳ አይችልም።

ተርሚናል፦ ግማሽ ቀን ስለ ታሪክ አስተምሮ ለፈቃድ 10 ደቂቃ አጣ? ልጆቹ ነገ በአንዷ የፈቃድ ፋይል ነው የሚታሰሩት!

ሜሪላንድ፦ መጀመሪያ ተጠቃሚ ይኑራቸው። ማንም ያልጫነው ሶፍትዌር ፈቃዱ ምንም ይሁን ምን ማን ይጨነቃል?

የአራዳዋ፦ ተጠቃሚ ከመጣ በኋላ መቀየር ነው ክህደት የሚባለው።

ሜሪላንድ፦ ክህደት የሚለውን አንሺው። የራሱን ሥራ ነው የቀየረው።

ተርሚናል፦ የራሱን ብቻ? ኮድ የላኩትን አሁንም ዘለልካቸው።