ለቢሮም ለሩቅ መንገድም የሚሆን ብስክሌት

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ከክረምት በኋላ ግን ጎንደር ድረስ መሄድ አስቤአለሁ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱም አይጣል ነው።

ያለኝ ባለ ሞላ ማውንቴን (የተራራ ብስክሌት) ነው። ሞላው ዳገት ላይ ጉልበት ይበላል። ለስላሳ ጎማ ቀየርኩለት፤ አስፋልት ላይ ቀለል አለ፣ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ ግን የለውም። የጓደኛዬን ኮርሳም (የእሽቅድምድም ብስክሌት) ሞከርኩ። ይበራል! ጠጠር መንገድ ላይ ግን ቀጭኑ ጎማ ወዲያው ተነፈሰ።

አሁን ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ያገለገሉ ብስክሌቶች አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም ሞላ የላቸውም፣ ዕቃ መጫኛም ይቀበላሉ። አንዱ ባለ 700 (የጎማ ልክ ነው) ሃይብሪድ፣ ማለትም በኮርሳና በማውንቴን መካከል ያለ ነው፣ ጎማው 38 ሚሊ ሜትር። ሌላው የድሮ ብረት ማውንቴን ባለ 26 ኢንች ጎማ ነው፤ ከበድ ይላል፣ ጎማው ግን እዚህ በየሱቁ አለ። 15 ኪሎ ጭኖ ጎንደር ለመውጣትም፣ ሰኞ ቢሮ ለመግባትም የትኛው ይሻለኛል?