ከ8 ወደ 12 ቢት የሚቀያየር ኤስኤአር ኤዲሲ፦ 12 ላይ ለምን ይዘላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሶላር ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚሆን ኤስኤአር ኤዲሲ (ቮልቴጅን ቢት በቢት እየወሰነ ወደ ቁጥር የሚቀይር ሰርኪዩት) በሲሙሌሽን እየሠራሁ ነው። የሞተሩን ከረንት በ8 ቢት በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ ቴርሚስተሩን (የሙቀት ሴንሰሩን) በ12 ቢት 10 ሺህ ጊዜ ማንበብ አለበት። የካፓሲተሩ ድርድር 6 በ6 (የላይኛው 6 ቢትና የታችኛው 6 ቢት፣ በድልድይ ካፓሲተር የተገናኙ) የተከፈለ፣ ዩኒቱ (መነሻ ካፓሲተሩ) 50 ፌምቶፋራድ፣ ሬፈረንሱ (የማነጻጸሪያ ቮልቴጁ) 1.8 ቮልት። 8 ቢት ላይ የማይጠቅሙትን ካፓሲተሮች በስዊች ነጥዬ አወጣለሁ። 8 ሰላም ነው፤ 12 ላይ ግን በየ64 ኮዱ አንድ ሰፊ ኮድ (ከሌሎቹ የበለጠ የቮልቴጅ ክልል የሚሸፍን ቁጥር) ይመጣል። 75 ዲግሪ ላይ ደግሞ የታችኞቹ ቢቶች ይንሸራተታሉ። ሳጥኑ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ቆርቆሮ ስለሆነ 75ን መዝለል አልችልም።

መልስ 1
በየ64ቱ ከሆነ ጥፋተኛው ድልድዩ ካፓሲተር ነው። በሒሳብ 64/63 ዩኒት፣ ማለትም 50.8 ፌምቶ ይሆናል፤ ነገር ግን የታችኛው ክፍል የጋራ ሽቦ ላይ ያለው ፓራሲቲክ (ሳይፈለግ የሚፈጠር ካፓሲታንስ) የዚያን ክፍል ቢቶች ክብደት ይቀንሰዋል። ፓራሲቲኩ ከታችኛው ድርድር 5 ከመቶ ቢሆን በየድንበሩ ወደ 3 ኤልኤስቢ (ኤልኤስቢ የትንሿ ቢት እርምጃ ነው) ይጎድላል። ሰፊ ኮድ ውስጥ የገባ መረጃ በዲጂታል አይመለስም። ስለዚህ ድልድዩን ሆን ብለህ ወደ 54 ወይም 55 አሳድገው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከሌይአውት ኤክስትራክሽን (ከቺፑ ሥዕል ፓራሲቲኩን ከማስላት) በኋላ ትወስናለህ። ያኔ የሚዘለሉ (ፈጽሞ የማይወጡ) ኮዶች ይኖራሉ እንጂ መረጃ አይጠፋም፤ የየቢቱን ክብደት ለክተህ ታርመዋለህ። ነጣዮቹን ስዊቾች ደግሞ አውጣቸው፤ ፓራሲቲክ የሚጨምሩት እዚያው ሽቦ ላይ ነው። ለ8 ቢት ከ8ኛው ውሳኔ በኋላ ሎጂኩን ማስቆም ይበቃል።

መልስ 2
መንሸራተቱ ሊኬጅ (ከካፓሲተሮቹ ቻርጁን የሚያፈስ ትንሽ ከረንት) ነው። ለ10 ሺህ ብለህ ክሎኩን ራሱን አዘግይተኸው ይሆናል። ድርድሩ 3.2 ፒኮፋራድ፣ ግማሽ ኤልኤስቢ 0.22 ሚሊቮልት፤ ቻርጁን 100 ማይክሮሰከንድ ከያዝከው 7 ፒኮአምፔር ብቻ ያቺን ግማሽ ትበላታለች። ሊኬጅ በየ10 ዲግሪው እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ከ25 ወደ 75 ስትወጣ 30 እጥፍ ነው። አቦ፣ በድሬ ሙቀት ክሎክ አይዘገይም! ለሁለቱም 16 ሜጋኸርዝ ላይ ተወው። 12ቱ ቢት በ0.75 ማይክሮሰከንድ ያልቃል፣ ቀሪውን ጊዜ ይተኛ። የሚፈቀድልህ ሊኬጅ ወደ 900 ፒኮአምፔር ይወጣል። ቴርሚስተሩ 10 ኪሎኦም ከሆነ ለናሙና መውሰጃው ቢያንስ 9 ታው (ታው የሬዚስታንሱና የካፓሲታንሱ ብዜት ነው)፣ ወደ 290 ናኖሰከንድ ስጠው፤ ጊዜው ሞልቶሃል።

ጠያቂው
ክሎኩን በትክክል አዘግይቼው ነበር። ድልድዩን ባሳድገው 8 ቢቱ አይበላሽም?

መልስ 1
አይበላሽም። የ8 ቢት አንድ ኤልኤስቢ የ12ቱን 16 ያህላል፤ 3 ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ከ0.2 በታች ነው። እስካሁን 8 ላይ ሳይታይህ የቀረውም ለዚሁ ነው።