በፍላሽ የተሠሩ የሳይንስ ትምህርቶችን በክፍት ምንጭ ማጫወቻ መተካት ይቻላልን?

የፊዚክስ መምህር፣ አዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል፣ ተማሪው ራሱ እየነካካ የኤሌክትሪክ ዑደትንና የብርሃንን መንጸባረቅ የሚማርባቸው፣ በፍላሽ የተሠሩ ትምህርቶች አሉን (ፍላሽ ስል በኪስ የምንይዘውን ማስቀመጫ ሳይሆን የአዶቢን ማጫወቻ ማለቴ ነው)። አዶቢ ድጋፉን ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ካቋረጠ፣ ጥር 4 ቀንም ይዘቱ በማጫወቻው እንዳይታይ ካገደ ወዲህ፣ የምንገለገለው ሆን ብለን ሳናድሰው ባቆየነው አሮጌ ብራውዘርና ማጫወቻ ነው። ይህ አደገኛ መሆኑ ያሳስበኛል፤ ትምህርቶቹን መጣል ግን አልፈልግም፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ልጅ ሽቦና አምፖል የሚያገናኘው በእነርሱ ብቻ ነውና። ኢንተርኔት በሌለበትም የሚሠራ ምትክ ይኖራልን?

የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ማራኪ፦
አለ፣ መምህር። ሩፍል ይባላል፤ ረስት በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ማጫወቻ ነው። ዌብአሴምብሊ በተባለ፣ ብራውዘር ውስጥ በቀጥታ በሚሠራ የኮድ ዓይነት አማካይነት በብራውዘሩ ጥበቃ ሥር ስለሚሠራ የአዶቢን ፕለጊን (በብራውዘር ላይ የሚጨመረውን ፕሮግራም) አይፈልግም። የቆዩ ድረ ገጾችንና ፋይሎችን የሚያከማቸው ኢንተርኔት አርካይቭ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቆዩ የፍላሽ ሥራዎችን የሚያሳየው በዚሁ ነው። የሩፍልን ፋይሎች በትምህርት ቤቱ ሰርቨር ላይ አስቀምጠው በየገጹ አንዲት የስክሪፕት መስመር ቢጨምሩ፣ የፍላሹን ቦታ ራሱ ፈልጎ ይተካል፤ ከውጭ የሚመጣ ኔትወርክም አያስፈልገውም። አሮጌውን ማጫወቻ ግን ዛሬውኑ ያጥፉት፤ የደኅንነት ቀዳዳውን የሚደፍንለት የለም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ፒያሳ፦
እኔ ገጹን ከፎልደሩ በቀጥታ እየከፈትሁ ሁለት ቀን ደክሜያለሁ፤ ብራውዘሮች በዚያ መንገድ የዌብአሴምብሊ ፋይል እንዳይጫን ስለሚከለክሉ በሰርቨር በኩል መክፈት ግድ ነው፤ ያለዚያ የሩፍልን የዴስክቶፕ ስሪት ይጠቀሙ። ሌላው፣ በፍላሽ የፕሮግራም ቋንቋ በአክሽንስክሪፕት 1 እና 2 የተጻፉት በአብዛኛው በደንብ ሲሠሩ፣ በአክሽንስክሪፕት 3 የተጻፉት ግን ገና ሊያስቸግሩ ስለሚችሉ እያንዳንዱን ፋይል መሞከር ያሻል። ቪዲዮ ብቻ የሆኑትን የኤፍኤልቪ (የፍላሽ ቪዲዮ) ፋይሎች ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ብራውዘር ራሱ ወደሚያጫውተው ወደ ዌብኤም ቢቀይሯቸው የፍላሽ ማጫወቻ ጨርሶ አይፈልጉም። ዋናዎቹን ፋይሎች ግን እንዳያጠፉ አደራ።

የፊዚክስ መምህር፣ አዘዞ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዑደቱ ትምህርት ያለ እንከን ሠርቷል፤ ማብሪያውን ሲጫኑት አምፖሉ ይበራል። የመስተዋቱ ትምህርት ግን ምስሉ ቢታይም የጨረሩን አቅጣጫ ማዞር አልተቻለም።

የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ማራኪ፦
ምናልባት በአክሽንስክሪፕት 3 የተጻፈ ይሆናል። ፋይሉን ለማጋራት የሚከለክል ነገር ከሌለ ከነችግሩ ለሩፍል አዘጋጆች ያሳውቁ፤ የእርስዎን እክል ሲያርሙ የሌላውም ትምህርት ቤት ይቃናለታል። እስከዚያው አንድ ጨረርና አንድ መስተዋት ብቻ ከሆነ በድረ ገጽ መሥሪያዎቹ በኤችቲኤምኤልና በጃቫስክሪፕት እንደ አዲስ ልሠራልዎ እችላለሁ፤ ማዕዘኖቹ እንዴት እንደሚለኩ ብቻ ይጻፉልኝ።