ስልክን «ሩት ማድረግ» በአማርኛ ምን ይባል?

ፊደሊት፦ ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። ስለ ስልክ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሩት የተደረገ ስልክ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ሩት» በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ስለሆነ መጀመሪያ «ሥር የሰደደ ስልክ» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው የቆየ በሽታ መሰለኝ። ምን ልበል?

ባለ ሥርወ ቃል፦ እንኳን ተውሽው፣ እህቴ። «ሥር የሰደደ» ዛሬ አብሮት የሚሄደው በሽታ፣ ድህነትና ጥላቻ ነው። ደግሞም ስልኩ ሥር አያበቅልም። ቃሉ ከየት እንደመጣ እንይ። አንድሮይድ የተሠራው ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ላይ ነው። ሊኑክስ ደግሞ አሠራሩን የወሰደው በ1969 መሠራት ከጀመረው ከቀደመው ሥርዓት፣ ከዩኒክስ ነው። እዚያ ፋይሎች የሚደረደሩት እንደ ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ሁሉ ከአንድ ቦታ ይነሳል፤ ምልክቱ «/» ነው፣ ስሙ ሩት። ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚም ሩት ይባላል፤ መለያ ቁጥሩ 0 ነው። በጥንቱ ዩኒክስ ማደሪያው፣ ማለትም የራሱ ፋይሎች ማስቀመጫ፣ እዚያው የዛፉ መነሻ ላይ ነበር። እንግዲህ ሩት ማድረግ ማለት የዚህን ተጠቃሚ ሥልጣን በእጅ ማስገባት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የእኛ «ሥር» የዛፍ ብቻ አይደለም፤ «በታች» ማለትም ነው። «በእሱ ሥር ያሉ ሠራተኞች» ስንል የበታቾቹን ነው። «የሥር ፍርድ ቤት» የምንለውም ይግባኝ ሰሚ ከበላዩ ያለውን ነው። ሩት ግን የበላይ ነው። «የሥር ተጠቃሚ» ብለሽ ብትጽፊ ትርጉሙ ተገልብጦ ቁጭ ይላል። እኔ «ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ» እላለሁ። «ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር» ስንል ጆሯችን የለመደው ቃል ነው።

ቀለም ቀንድ፦ «አስተዳዳሪ» አይበቃም?

ባለ ሥርወ ቃል፦ አይበቃም፣ ወንድሜ። አንድሮይድ ላይ «የመሣሪያ አስተዳዳሪ» የሚባል ሌላ ፈቃድ አለ። ያ የተፈቀደለት መተግበሪያ ስልኩን መቆለፍ ወይም ማጽዳት ይችላል፤ የሲስተሙን ፋይሎች ግን አይነካም። ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠራን አንባቢው ይሳሳታል።

ቀለም ቀንድ፦ ገባኝ። የአይፎኑ «ጄልብሬክ»ስ? «ጄል» እስር ቤት ነውና፣ «እስር» እና «ሥር» ዘመድ ይሆኑ እንዴ?

ባለ ሥርወ ቃል፦ ድምፃቸው ተቀራረበ እንጂ ዝምድና የላቸውም። «እስር» ከ«አሰረ» የወጣ ነው። «ስልኩን ፈታሁት» ማለት ያምራል፤ ግን ሰሚው በካቻቢቴ የፈታኸው ነው የሚመስለው። «ከእስር የተፈታ» ብትልም አልደረስክበትም። የተፈታ ሰው በሩ ተከፍቶለት ነው የሚወጣው። ጄልብሬክ ሰብሮ መውጣት ነው። ደግሞ ጄልብሬክ ዋና ዓላማው የአምራቹን ገደብ ማንሳት ነው፤ ሙሉ ሥልጣኑ ለዚያ መንገድ ነው።

ፊደሊት፦ በጣም አመሰግናለሁ። እንዲህ ጻፍኩት፦ «ሩት ማድረግ ማለት የስልኩን ሙሉ ሥልጣን መረከብ ነው። ብዙ ጊዜ ቡትሎደሩን፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ መክፈት ይጠይቃል፤ ሲከፈት በስልኩ ያለው መረጃ ይጠፋል። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም ሩት በተደረገ ስልክ አይሠሩም። የተሳሳተ ፋይል ከተጫነበት ስልኩ ጡብ ሊሆን ይችላል።»

ባለ ሥርወ ቃል፦ ቆንጆ ነው። «ጡብ» የሚለውን ተይው፤ እኛ ስልክ «ሞተ» ነው የምንለው። ባትሪ አልቆበት እንዳይመስል «ጨርሶ ሊሞት ይችላል» በይው። «ሩት ማድረግ» የሚለውን እንዳለ መተውሽ ደስ ብሎኛል፤ ሰው በአፉ የሚለው እሱን ነው። አንድ ቃል ብቻ ቀይሪልኝ። «መረከብ» አስረካቢ ይፈልጋል። ስልኩ ሲሸጥ ይህ ሥልጣን አብሮ አይሰጥም። «መያዝ» በይው።