አራት ቀን፣ አንድ ቦታ፦ አሜሪካ ውስጥ የእቃ ባቡር ለማየት የቱ ይሻላል?

ፉርጎ ቆጣሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ አራት ቀን አለኝ፤ መኪና እከራያለሁ። የምፈልገው ረጃጅም የእቃ ባቡር ነው፤ የመንገደኛ ባቡር ከመጣ ምርቃት ነው። ሦስት ቦታ ለይቻለሁ፦ የኢሊኖዩን ሮሼል፣ የካሊፎርኒያውን ቴሃቻፒ ሉፕና የፔንሲልቬኒያውን ሆርስሹ ከርቭ። ሦስቱን ማዳረስ እንደማይቻል ገብቶኛል። አንዱን ከነምክንያቱ ምረጡልኝ። ካሜራ አለኝ፤ ስካነር (የባቡር ሠራተኞችን ንግግር የሚቀበል ራዲዮ) ግን የለኝም።

ዳይመንድ
ብዛት ከሆነ የምትፈልገው፣ ሮሼል። ከቺካጎ በስተምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሁለቱ የእቃ ባቡር ድርጅቶች፣ የዩኒየን ፓሲፊክና የቢኤንኤስኤፍ፣ ዋና መስመሮች ከተማዋ ውስጥ ያለ ድልድይ በአንድ ከፍታ ይቋረጣሉ። ሁለቱም ባለ ሁለት ሐዲድ ስለሆኑ መቋረጫው ላይ አራት ዳይመንድ፣ ማለትም ሐዲድ ሐዲድን የሚያቋርጥበት ቦታ፣ አለ። መንኮራኩሩ ዳይመንዱ ላይ ያለችውን ክፍተት በዘለለ ቁጥር እንደ መዶሻ ይመታል፤ ጆሮህ ከለመደ ባዶ ፉርጎና የተጫነ ፉርጎ በድምፅ ብቻ ይለያሉ።

አጠገቡ በ1998 የተከፈተ የባቡር መመልከቻ ፓርክ አለ። ጥላ ያለው መቀመጫ አለው፣ የሠራተኞቹን የራዲዮ ንግግር የሚያሰማ ድምፅ ማጉያም አለው። ስካነር ለሌለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ነገር ግን እወቅ። አንደኛ፣ ኢንተርኔት ላይ «በቀን ይህን ያህል ባቡር» የሚለውን የድሮ ቁጥር አትመን። ሌላው የባቡር ድርጅት ሲኤስኤክስ በ2017፣ ዩኒየን ፓሲፊክ በ2018 አሠራራቸውን ከቀየሩ ወዲህ ባቡሮቹ ረዝመዋል፣ ቁጥራቸው ግን ቀንሷል። ሁለተኛ፣ በሥራ ቀን ጠዋትና እኩለ ቀን ላይ የሐዲድ ጥገና ሲኖር መስመሩ ለሰዓታት ጭር ሊል ይችላል። ቀኑ ባዶ ነው ብለህ አትሂድ፤ ጥገናው ሲያበቃ ተጠራቅመው የቆዩት ተከታትለው ይለቀቃሉ።

ዋሎንግ
ዳይመንድ ያለው ልክ ነው፤ ነገር ግን ሮሼል ሜዳ ነው። በሁለተኛው ቀን ያው ፎቶ ነው የሚደጋገመው። ለአራት ቀን ከሆነ ቴሃቻፒ።

ሉፑ የተጠናቀቀው በ1876 ነው። ሐዲዱ 1,150 ሜትር ያህል የሆነ ክብ ይሠራና በራሱ ላይ ተሻግሮ ያልፋል፤ የታችኛው ሐዲድ በዋሻ ቁጥር 9 ውስጥ ሲሾልክ የላይኛው 23 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ቁልቁለቱ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። ባቡሩ ከ1,200 ሜትር በላይ ከሆነ ራሱ ከገዛ ጭራው በላይ ሲያልፍ ታያለህ። የኮንቴይነር ባቡር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ይረዝማል። ሽቅብ ሲወጣ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በታች ስለሚጓዝ ለአንዱ ባቡር ሦስት አራት ቦታ ለመቀያየር ጊዜ አለህ። ቁልቁል ሲመጣ ደግሞ ገና ሳይታይ የሎኮሞቲቮቹ የኤሌክትሪክ ፍሬን ፉጨት ይሰማል።

ሐዲዱ የዩኒየን ፓሲፊክ ነው፤ ቢኤንኤስኤፍም በስምምነት ይጠቀምበታል። ነጠላ ሐዲድ የሆነባቸው ቦታዎች ስላሉ ባቡሮቹ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ዋሎንግ የሚባለው መጠባበቂያ ሐዲድ ሉፑ ላይ ነው ያለው፤ እዚያ የቆመ ባቡር ካየህ ሌላው እየመጣ ነውና አትነቃነቅ።

ከሀይዌይ 58 በኪን መውጫ ወጥተህ የውድፎርድ–ቴሃቻፒን መንገድ ያዝ። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ መኪናህን ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ አውጥተህ አቁም። አጥሩን አትሻገር፣ ኮረብታው የግል ግጦሽ ነው። የመንገደኛ ባቡርን እርሳው፤ የመንገደኛ ባቡር ድርጅቱ አምትራክ በዚህ የሚያልፈው ሌላ መስመር ሲዘጋ ብቻ ነው።

ጋሊትዚን
የመንገደኛ ባቡር ምርቃት ካስፈለገ ሆርስሹ ከርቭ። ፔንሲልቬኒያን የሚባለው የአምትራክ ባቡር በየቀኑ ወዲያም ወዲህም ያልፋል። ከ1854 ጀምሮ የሚሠራ ኩርባ ነው፤ የኖርፎክ ሳውዘርን ባቡር ድርጅት ሦስት ሐዲድ በዙሪያህ ይዞራል። ከባዱን ባቡር ከኋላ የሚገፉ ሎኮሞቲቮችም አሉ።

ችግሩ ወሩ ነው። ፓርኩ በበረዶው ወራት ይዘጋል፤ ኖቬምበር ደግሞ ጠርዙ ላይ ነው። ትኬት ከመቁረጥህ በፊት የመክፈቻ ቀኑን አረጋግጥ። ከተዘጋ አቅራቢያው ባሉት የጋሊትዚን ዋሻዎች አፍ ላይ ወይም ክሬሰን ከተማ ካለው መመልከቻ ማየት ይቻላል፤ ግን ኩርባውን ለማየት ለመጣ ሰው ይሄ ማካካሻ አይደለም። ክፍት ቢሆንም እንኳ ላይ ለመድረስ 194 ደረጃ አለ፤ ካልሆነ በገመድ የሚጎተተውን ጋሪ ትሳፈራለህ።

ፉርጎ ቆጣሪ
አመሰግናለሁ። ልቤ ወደ ቴሃቻፒ አዘንብሏል። ያለ ስካነር ይሆናል? ፎቶውንስ በምን ልያዘው?

ዋሎንግ
ይሆናል፣ ግን ርካሽም ቢሆን አንድ ስካነር ያዝ። የባቡር ድርጅቶቹ ንግግር ከ160.215 እስከ 161.565 ሜጋኸርዝ ውስጥ ነው፤ ይህን ክልል የሚቀበል ማንኛውም የእጅ ራዲዮ ይበቃል። የስልክ መተግበሪያ ላይ አትንጠልጠል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ተራራው ውስጥ ኔትወርክም ይቆራረጣል። በጣም የሚጠቅምህ ሐዲድ ዳር የተተከለው መመርመሪያ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ በማሽን ድምፅ ያለበትን የማይል ቁጥር፣ እንከን መኖር አለመኖሩን፣ ብዙ ጊዜም የአክስሉን ብዛት ይናገራል። ካርታህ ላይ የማይል ቁጥሮቹን ጻፍባቸው፤ ያኔ ባቡሩ የት እንደደረሰ ታውቃለህ።

ካሜራውን በእጅ (ማንዋል) አስተካክለው። አውቶማቲክ ላይ ከተውከው የፊት መብራቱ ያታልለዋል፤ ባቡሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ገና ባዶው ሐዲድ ላይ ብርሃኑን ለክተህ ቆልፈው። ሉፑ ላይ ፍጥነቱ ዝግ ስለሆነ አንድ 500ኛ ሰከንድ በቂ ነው። ኖቬምበር ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ኮረብታው ቀድሞ ጥላ ያጠላል፤ ከሰዓቱን አጥብቀህ አትተማመንበት።

ዳይመንድ
አንድ ልጨምር፦ የፉርጎው ጎን ከሐዲዱ በትንሹ 1 ሜትር ያህል ወጣ ይላል፤ የላላ ማሰሪያ ደግሞ ከዚያም አልፎ ሊወናጨፍ ይችላል። እኔ ከ7 ሜትር በታች አልመክርም። የመኪና መንገድ ሐዲዱን የሚሻገርባቸው ማቋረጫዎች ላይ ስልክ ቁጥርና የማቋረጫው መለያ የተጻፈበት ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ ስትደርስ ፎቶ አንሳው። ሐዲድ ላይ የቆመ መኪና ወይም የተሰበረ ነገር ካየህ መጀመሪያ የምትደውለው እዚያ ነው፤ መለያውን ስትነግራቸው ባቡሩን ያስቆማሉ።