ነገ ስለት ልናስገባ ነው፤ ጸሎት ግን ከአፌ አልወጣ አለ

ጠያቂዋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)፦
እባካችሁ የምታውቁ ዛሬውኑ መልሱልኝ። 11 ወር ሙሉ ስጠብቀው የኖርሁት ሥራ፣ ልጀምር አንድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ ተደውሎ «መደቡ ተሰርዟል» ተባልሁ። እናቴ ስለቷ እንደ ሠመረላት ቆጥራ ነገ በ21 ለእመቤታችን የምታስገባውን ጃንጥላ ገዝታ፣ ዘርፉ እንዳይቆሽሽ በነጠላ ጠቅልላ በሩ ሥር አቁማዋለች። ዳዊቱን ገልጬ አንዲት ቃል መናገር አቃተኝ። ትዕግሥቴም እምነቴም ያለቀ ይመስለኛል፤ እስከ ነገ ጠዋት እንዴት ልመልሰው?

የቆየ አባል፦
እህቴ፣ ተስፋ መቁረጥ ከባድ ኃጢአት ነው። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ የተወለደለት ግን በ100 ዓመቱ ነው። ዮሴፍም በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት እስኪቆም ድረስ፣ የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ረስቶት ሁለት ዓመት ሙሉ በግዞት ቤት ቆይቷል። ታዲያ 11 ወር ምን አላት?

ተከራይ፦
ዮሴፍ በግዞት ቤት ሳለ የቤት ኪራይ አይጠየቅም ነበር።

የአብነት ተማሪ፦
እኔ በጥያቄው አልስማማም። ማማረር እምነት ማለቁን አያሳይም፤ ኢዮብ በምዕራፍ 3 የተወለደባትን ቀን ረግሟል፣ በምዕራፍ 42 የተገሠጹት ግን ሲመክሩት የሰነበቱት ወዳጆቹ ናቸው። የሰኞው ዳዊት ከ1 እስከ 30 ያለው ነውና 12ኛውን (በሌላው አቆጣጠር 13ኛውን) አውጪ፤ «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ» ይላል። ያንን ብቻ ደግመሽ ተኚ።

ወለተ ማርያም፦
ከላይ እንደ ተባለው ዳዊት ድገሚ፤ ውዳሴ ማርያምም ጨምሪበት።

ጠያቂዋ፦
አልወጣልኝ ያለው እኮ እርሱ ነው። ቀስ ብዬ እንዳልደግመውም እናቴ አጠገቤ ተኝታለች፤ ገና አልሰማችም።

የማታ ፈረቃ፦
አልሰሙም? ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ መልሳችን ሌላ በሆነ ነበር። እኔ ከሥራ ስቀነስ ለባለቤቴ ሳልነግር ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከረባት አስሬ እየወጣሁ አውቶቡስ ማዞሪያው ላይ ስቀመጥ እውል ነበር፤ በእነዚያ ቀናት አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። የነገርኋት ማታ ግን አብረን ቆመን ጸለይን። ቀስቅሰሽ ንገሪያቸው። ስለቱ የእርሳቸው ስለሆነ ጃንጥላው ነገ ይግባ ወይስ ይቆይ የሚለውን አንቺ ብቻሽን አትወስኚ፤ ማለዳ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ተከራይ፦
የእኔ የንስሐ አባት ከሦስተኛው ጥሪ በፊት አንሥተው አያውቁም፤ ደጋግማችሁ ደውሉ።

የቆየ አባል፦
ውሉን ፈርመሽ ነበርን? ፈርመሽ ከሆነ የተሰረዘበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

የማታ ፈረቃ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05)፦
እናትሽ ምን አሉ?